የተራራው ሆድ ትምህርት ቤት

ትሬቨላን፣ ኮርንዎል፣ እንግሊዝ
ኦክቶበር 3 ቀን 1886

ይድረስ ባሕር ተሻግራ፣ ተራራ ወጥታ ለቀረችው ለእህቴ ልጅ ለታምዚን፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ ፓስኮ እንደምን አለ? ልጃችሁ ሞርዌናስ አደገች? የአባቶቻችን አምላክ ከክፉ ይሰውራችሁ። እኔ ይመስገነው አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ጽሑፌ ተንጋዶ ብታገኚው ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ አጥሯል።

የቆርቆሮ ማዕድኑ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ መንደሩ ጭር ብሏል። ወጣቱ ሁሉ መርከብ ላይ ነው። በጸሎት ቤታችን መዝሙር ስንጀምር ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ጠፍቶ ሴቶቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። በፓስኮ ድምፅ ስንት ዓመት ኖረናል! እሱም ቢሆን ካለፈው ገና ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈልኝም። ንገሪው፤ ያሳደገውን አለቃውን መርሳት አያምርበትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሞርዌናን ላኪልኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት፤ በዚህ ዕድሜ እናትሽ ቤት ታስተዳድር ነበር። በፀደይ ከሚመለሱት ቤተሰቦች ጋር ትምጣ። ሥራው ቀላል ነው፤ እሳት ማንደድና ማታ ማታ ከቅዱሱ መጽሐፍ ትንሽ ማንበብ። ፊደል ከለየች ለሴት ልጅ በቂ ነው። ከዚያ በላይ የተማረች ሴት ባሏን ታርማለች።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

አጎትሽ ሆሴዕ ናንካሮ

*

ኤውላጥ፣ ኮሎራዶ፣ አሜሪካ
ኖቬምበር 21 ቀን 1886

ይድረስ እንደ አባት ላሳደጉኝ ለአጎቴ፣ ለማዕድን ጉድጓዱ ካፒቴን ለሆሴዕ፤

ሰላምዎ ይብዛ፤ ጉልበትዎን ይማርልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰን የመጀመሪያው በረዶ በወረደ ሳምንት ነው። ፖስተኛችን ረጃጅም ሳንቃ እግሩ ላይ አስሮ እየተንሸራተተ ነው ያመጣው። የቤታችን ሰው ሁሉ እጅ ይነሳዎታል።

አጎቴ፣ ሞርዌናን በፀደይ ልልክልዎ አልችልም። እንዳይቀየሙኝ ምክንያቱን ልንገርዎ።

እዚህ ስንመጣ ድንጋይና ጥድ ብቻ ነበር። ስድስት ቤተሰብ በበቅሎ ነው የወጣነው። የከተማዋን ስም ያወጣላት የእርስዎ የቀድሞ ሠራተኛ ዕዝራ ቦዛንኮ ነው፤ ከኦሪት ዘፍጥረት፣ ወርቅ የሚገኝባት ምድር ብሎ። የተገኘው ግን ብር ነው። ጎረቤቴ ፊሎሜና ዳልፒያዝ፣ ከኦስትሪያ ተራሮች የመጣች የቲሮል ሰው ናት፣ «የሰማይ ጆሮ ዕዝራን ከሩቅ ሰምቶት ነው» እያለች ትስቅበታለች። ትምህርት ቤቱን የሠራነው ከጸሎት ቤቱ በፊት ነው። መጠጥ ቤቱ ግን ቀድሞናል፤ አልዋሽዎትም። ወንዶቹ ግንዱን ቆረጡ፤ ሳንቃውን ከእንጨት መሰንጠቂያው ድረስ በትከሻ ያወጣነው እኛ ሴቶቹ ነን። የመስኮቱን መስተዋት በዱቄት በርሜል ውስጥ ቀብረን በበቅሎ አመጣነው፤ አንድም አልተሰበረም። ዱቄቱንም ነፍተን ጋገርነው።

አስተማሪያችን ሚስ ኮርቢን ከኦሃዮ የመጣች ቀጭን ሴት ናት። የመጀመሪያው ውርጭ ያባርራታል ብለው ወንዶቹ ተወራርደው ነበር። ይኸው ሦስተኛ ክረምቷ ነው። የኮርንዎል ልጅ፣ የቲሮል ልጅ፣ የስዊድን ልጅ በየቋንቋው እየተሳደበ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ በአንድ ቋንቋ ይዘምራል።

በየፀደዩ ከአውራጃው የትምህርት ሹም ይመጣል። የሚማር ልጅና ለፈተና የበቃ ተማሪ ካላገኘ ትምህርት ቤቱን ከመዝገብ ይሰርዛል፤ አስተማሪዋም ትሄዳለች። ዘንድሮ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚቀርቡ ሦስት ልጆች አሉን። አንዷ ሞርዌና ናት። ብታልፍ ከዚህ ተራራ የመጀመሪያዋ ትሆናለች። ጠዋት የሠራተኞቹን ልብስ በማጠብ ታግዘኛለች፤ ማታ መጽሐፏ ላይ ትደፋለች። ባሏን ብታርም ይታረም እንደሆነ እናያለን።

በፍቅር፣ ልጅዎ ታምዚን

*

ኤውላጥ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1887

ይድረስ ለአጎቴ ለካፒቴን ሆሴዕ፤

መልስዎን ሳልጠብቅ የጻፍኩት ነገሩ ስለቸኮለብኝ ነው። በቅድሚያ ሁላችንም በሕይወት አለን፤ አይደንግጡ።

ያለፈው እሑድ ጠዋት ጸሎት ላይ ሳለን መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ እንደፈነዳ ያለ የታፈነ ድምፅ መጣ። ስንወጣ ተራራው በነጭ አቧራ ተሸፍኗል። አቧራው ሲረግፍ ትምህርት ቤታችን አልነበረም። የበረዶ ናዳው ከነጣሪያው ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ከቶታል። ምድጃው ብቻ እንደሞተች ላም እግሮቹን ሰቅሎ ተኝቷል። እሑድ ባይሆን ኖሮ የምጽፍልዎ ደብዳቤ ሌላ ነበር። ሚስ ኮርቢን በረዶው ላይ ቆማ ጓንቷን ስትጎትት አየኋት፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጆቹን የድንጋይ ሰሌዳዎች መልቀም ጀመረች። ሁላችንም ተከትለናት ለቀምን።

ማግስቱን ግማሹ ቤተሰብ የተራራው መተላለፊያ በበረዶ ሳይዘጋ ወደ ቆላው ከተማ እንውረድ ማለት ጀመረ። ልጅ የሌለበት ከተማ የሠራተኞች ሰፈር ነው እንጂ ከተማ አይደለም፤ አንዱ ከወረደ ሌላው ይከተላል፣ ትምህርት ቤቱም ይሰረዛል። ልጆቹን በየቤታችን እንዳናስተምር የሰዉ ቤት ጠባብ ነው፤ ያውም ያ ቁልቁለት ሥር ነው ያለው። ያኔ ፊሎሜና «አሮጌው ዋሻስ?» አለች። ወንዶቹ መጀመሪያ የቆፈሩት፣ ካለፈው በጋ ወዲህ መሣሪያ ብቻ የሚቀመጥበት ነው። አፉ በወፍራም ግንድ የተደገፈ ነው፤ ናዳ በላዩ ያልፋል እንጂ አይነካውም። ውስጡ ክረምት ከበጋ አንድ ዓይነት ነው። ትንሽ ገባ ሲሉ እንደ አዳራሽ የሰፋ ቦታ አለ።

ቁልፉ ያለው ዕዝራ ጋ ነው። ጠየቅነው።

«ልጆቹ፣ ወንዶቹ፣ እሺ» አለ። «ሴት ግን ከጉድጓድ አትገባም። ሴት የገባችበት ጉድጓድ ሰው ይበላል። ይሄን ያስተማሩኝ ካፒቴን ሆሴዕ ናቸው።»

«አስተማሪዋኮ ሴት ናት» አልኩት። «ከተማሪዎቹም ግማሾቹ።»

«እሳቸው ይግቡ ካሉ ይገባሉ። ከሳቸው ቃል አልወጣም።»

ስለዚህ አጎቴ፣ አንድ መስመር ይጻፉለት። ሰውዬው የእርስዎን ስም ሲጠራ ባርኔጣውን ይነካል። መልስዎ እዚህ እስኪደርስ ክረምቱ ሊያልቅ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይጻፉለት።

ልጅዎ ታምዚን

*

ትሬቨላን
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1887

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለታምዚን፤

እግዚአብሔር ያተረፋችሁ ይመስገን። ይህን የሚጽፍልኝ ሌላ እጅ ነው፤ ጣቴን ብርድ ይዞኛል። ቃሉ ግን የራሴ ነው።

አይሆንም። ለዕዝራ አልጽፍም። አርባ ዓመት ጉድጓድ ወርጃለሁ፤ አባቴም ወርዷል፤ ሴት ከበሩ አልፋ አታውቅም። መንገድ ላይ ሴት ካገኘን ወደ ቤት የምንመለስ ሰዎች ነበርን። ሰው ቢሞት በማን ሊመካኝ ነው? በኔ ቃል ነው። ይሄን ሸክም አልወስድም። ልጅቷን ላኪልኝ፤ አንቺም ከፈለግሽ አብረሻት ነይ። ቤቱ ሰፊ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። የፓስኮን ደህንነት ጠይቄሽ «የቤታችን ሰው ሁሉ» አልሽ። አሁንም በሁለተኛው ደብዳቤሽ ስሙ የለም። ቁልፍ ለመጠየቅ ባል ያላት ሴት ባሏን ትልካለች እንጂ ራሷ አትሄድም። አልጠይቅሽም። ስትችዪ ትነግሪኛለሽ።

እናትሽን ስለማውቅ አንቺንም አውቃለሁ። ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ገብታችኋል። እንግዲህ ከገባችሁ አይቀር ስሚኝ። ምድጃ ወደ ውስጥ እንዳታስገቡ፤ ጢሱ ቢወጣ እንኳ ሽታ የሌለው መርዙ ይቀራል፣ ልጆቹም እንቅልፍ የያዛቸው ይመስላችኋል። ሻማ ከልጆቹ ቁመት ዝቅ አድርጋችሁ መሬት አጠገብ አንድ አኑሩ፤ ነበልባሉ ካጠረ መዝሙሩን ሳትጨርሱ ውጡ። ከኋላ በኩል ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ይኑር፤ ከሌለ ዕዝራ ይክፈት፣ ያውቃል፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። የድጋፉን እንጨት በየሳምንቱ በመዶሻ መታ መታ ያድርግ፤ ጤነኛ እንጨት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ዝም ይላል። ልጆቹ ከግድግዳው ውስጥ መንኳኳት ከሰሙ ውሃ ነው በያቸው። እኔ ግን ውሃ አይመስለኝም፤ እኛ የጉድጓድ ሰዎች በድንጋዩ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ መናፍስት ናቸው እንላለን።

አልፈቀድኩም። ይህን አትርሺ።

አጎትሽ ሆሴዕ

*

ኤውላጥ
ኤፕሪል 24 ቀን 1887

ይድረስ ለክቡር አጎቴ፤

እጅዎ ተሻለው? ደብዳቤዎ የደረሰን በማርች መጨረሻ ነው። ናዳ መተላለፊያውን ዘግቶት ፖስተኛው ከሳምንት በላይ ቆላ ተቀመጠ። እንዳሉትም ሆነ፤ ገብተን ነበር። ከገባን ከርመናል።

እንዴት እንደገባን ልንገርዎ፤ ከዚያ በፊት ግን የቆየውን።

ፓስኮ የለም፣ አጎቴ። ባለፈው ጁን ድንጋይ ወደቀበት። አልተሰቃየም ብለውኛል፤ አምኛቸዋለሁ። ያልጻፍኩልዎ ነይ ቢሉኝ እንደምመጣ ስለማውቅ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ነይ ብለውኝ ቀርቼ አላውቅም። እሱ ግን የተቀበረው እዚህ ነው፤ ሞርዌናም ለፈተናዋ አንድ ዓመት ቀርቷት ነበር። መቃብሩንም ፈተናዋንም ትቼ መሄድ አልቻልኩም። በዚህ ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ይረዱኝ ነው የምለው።

ለእርስዎ በጻፍኩ በማግስቱ ሁለት ቤተሰብ ዕቃውን በበረዶ ጋሪ ላይ መጫን ጀመረ። ፊሎሜና ይሄን ስታይ ቀሚሷን ሰብስባ መጣች። እናቶቹን፣ ልጆቹን፣ ሚስ ኮርቢንን ይዘን ወደ ዋሻው ወጣን። ዕዝራ በሩ ላይ ቆሟል። ከሥራ የወጡት ሠራተኞች ከኋላው ተሰብስበዋል።

«ነገርኳችሁ» አለ። «ሴት ከገባች መዓት ይመጣል።»

«ሰውዬ» አለችው ፊሎሜና፣ «ጆንያ ዱቄት ተሸክሜ ይሄን ተራራ ስወጣ መዓት አልመጣም። ሳንቃ ተሸክሜ ስወጣም አልመጣም። ባዶ እጄን በር ስገባ ነው የሚመጣው?»

ወንዶቹ ሳቁ። ዕዝራ አልሳቀም። «በኔ አትቀልጂ፣ ዳልፒያዝ። ሰው ቀብሬያለሁ።»

እኔ ለመናገር አላሰብኩም ነበር። አፌ ነው የቀደመኝ። «ዕዝራ» አልኩት፣ «ፓስኮን በዚህ በር ነው ያወጣችሁልኝ። ያን ቀን ውስጥ የነበረችው ሴት የትኛዋ ናት?»

ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማ ነበር። ከዚያ ዕዝራ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማንም አልነበረችም» አለ።

ቁልፉን ከኪሱ አወጣና መብራቱን ለኩሶ ቀድሞ ገባ። «ኑ» አለን ዞሮ ሳያየን፣ «ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ። ግንዱ ማንንም አይምርም።»

ልጆቹ ገቡ፣ ሚስ ኮርቢን ገባች፣ ፊሎሜና ገባች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። እንዲህ ተሟግቼ እግሬ እምቢ አለኝ። ሞርዌና ተመልሳ መጣችና እጄን ያዘች። «አባዬ በወጣበት ልግባበት፣ እማዬ። አንቺም ነይ።» ገባሁ።

ያን ዕለት ዕቃ የጫኑት ቤተሰቦች ማታውን ፈረሶቻቸውን ፈቱ።

አጎቴ፣ ቢያዩት ኖሮ! ወንዶቹ ወለሉን ሳንቃ አነጠፉ፤ ከፈንጂ ሳጥን ወንበር ሠሩ። ጥቁሩን ግድግዳ ሚስ ኮርቢን በሙሉ ለጠመኔ ወሰደችው፤ «በአሜሪካ ከዚህ የሚበልጥ ሰሌዳ ያለው ትምህርት ቤት ካለ አሳዩኝ» ትላለች። ኮርንዎሎቹ ሥጋ የታሸገበትን ቂጣ፣ ፓስቲያቸውን፣ ከቲሮሎቹ የበቆሎ ገንፎ ጋር ይለዋወጣሉ። ሠራተኞቹ ወደ ላይኛው ዋሻ ሲወጡ መንገዳቸው ባይሆንም በበሩ በኩል ያልፋሉ፤ ልጆቹ ሲዘምሩ ለመስማት ነው። አንዱ ግዙፍ ስዊድናዊ ከልጆቹ ኋላ ተቀምጦ ፊደል ጀምሯል። መንኳኳትም ይሰማል። ሚስ ኮርቢን ውሃ ነው አለቻቸው። ልጆቹ ግን የማባዛት ሰንጠረዥ ሲሳሳቱ ይንኳኳብናል ይላሉ።

ደብዳቤዎን ለዕዝራ ሰጠሁት። አይሆንም የሚለውን ሲያነብ ፊቱ አመድ መሰለ። ከታች ያለውን ምክርዎን ሲያነብ ግን ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ሮጠ። ምድጃውን በዋሻው አፍ ውስጥ አድርገነው ነበር፤ ዕለቱን አውጥቶ ደጅ ተከለው፤ ሙቀቱን በቧንቧ መለሰልን። ከኋላ የተዘጋውን ቀዳዳ ከፈተ። ሰኞ ሰኞ በመዶሻ እንጨቱን ይመታል፣ ልጆቹ «ጮኸ!» ይሉለታል። ከወር በላይ ራሳቸውን ያማቸው የነበሩ ሁለት ሕፃናት ከዚያ ወዲህ አላማቸውም። ይህን ያደረጉልን እርስዎ ነዎት። ባይፈቅዱም።

አሁን ትልቁን ልንገርዎ። የአውራጃው ሹም ባለፈው ሳምንት መጣ። ትምህርት ቤቱ መፍረሱን ሰምቶ ሊሰርዘን ነበር የመጣው። ዕዝራ መብራት ይዞ እየመራ አስገባው። ረጅም ሰው ስለሆነ ግንዱ ግንባሩን መታው፤ ልጆቹም ሁሉም ባንድ ድምፅ «ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ጌታዬ» አሉት፣ ዘግይተው። ባርኔጣውን አንስቶ ግድግዳውን ዙሪያውን አየ። የከርሰ ምድር ካርታ፣ የክፍልፋይ ሒሳብ፣ የሕገ መንግሥቱ መግቢያ፣ ሁሉም በጠመኔ።

ፈተናውን እዚያው ሰጠ። ሦስቱም አለፉ። የሞርዌና ውጤት ከአውራጃው ሁሉ አንደኛ ነው። ጮክ ብላ እንድታነብ ሲያዛት ፈረቃ የሚለዋወጡት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ አንደኛው ማሳል ሲጀምር ሌሎቹ አፉን ያዙት። ሹሙ ሲጨርስ «ይህን ትምህርት ቤት የሚሰርዝ ሰው መጀመሪያ ተራራውን ይሰርዝ» ብሎ ወረደ። በበጋ የድንጋይ ሕንፃ እንጀምራለን፤ ቦታውን መርጠናል፣ ከናዳው መንገድ ውጪ ነው። ሚስ ኮርቢን ሞርዌናን በሴፕቴምበር ትንንሾቹን እንድታስተምርላት ጠይቃታለች። ልጅቷ «አጎቴ ሆሴዕ ካልፈለጉኝ ነው እሺ የምለው» ብላለች። ስለዚህ ቃሉ የእርስዎ ነው።

ልጅዎ ታምዚን

*

ትሬቨላን
ጁን 5 ቀን 1887

ይድረስ ለልጄ ለታምዚን፤ ይድረስ ለመምህርት ሞርዌናም፤

ለፓስኮ ነፍስ ዕረፍት ይስጥልን። «የቤታችን ሰው ሁሉ» ያልሽ ቀን ነው መሞቱን ያወቅሁት። እሑድ በጸሎት ቤት ስሙን አስጠራሁ፤ የሱን መዝሙር ዘመርን፤ ወፍራሙን ድምፅ እኔ ያዝኩለት። አልተሳካልኝም፣ ግን ማንም አልሳቀም።

አንቺ ስለነገርሽኝ እኔም ልንገርሽ። ጠረጴዛው እግሩ አላጠረም። ጣቴንም ብርድ አልያዘውም። ዓይኔ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እየጠበበ መጥቶ አሁን መስኮቱን ከግድግዳው ብቻ ነው የምለየው። ሞርዌናን የጠየቅሁሽ እንድታነብልኝ ነበር። ይህን ብነግርሽ እንደምትልኪያት ስለማውቅ አልነገርኩሽም፤ ሳልነግርሽም እንድትልኪያት ፈለግሁ። የሽማግሌ ብልሃት እንዲህ ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ከዚያ ጡረተኞቹን የጉድጓድ ሰዎች ሰብስቤ አራተኛ አስነበብኩት። አንዱ «ሴት ጉድጓድ ውስጥ፣ ያውም አንተ እያወቅህ?» አለኝ።

«አርባ ዓመት አለቃ ነበርኩ» አልኩት። «ስንት ሰው እንዳወጣሁ አንተም ታውቃለህ። የገደላቸው የበሰበሰ እንጨት፣ የከፋ አየርና ጥድፊያ ነው። ሴቶቹን የወቀስነው እዚያ ስላልነበሩ፣ መልስ ስለማይሰጡን ነው።» ከመካከላቸው አንዱ ልጅቷ ስንት አመጣች ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። የወንዝ ማዶው መንደር ሰዎች ሳይቀሩ ሰምተዋል፤ እኔ ነኝ ያሰማኋቸው። በዘንግ እየዳሰስኩ ሄጄ።

ለዕዝራ ንገሪው፤ ፈቅጃለሁ። ይዘግይ እንጂ ቃሌ ነው። ሞርዌናም ትንንሾቹን ታስተምር። ስለ እኔ እንዳታስብ በያት።

ደብዳቤዎቼን የምትጽፍልኝና የምታነብልኝ የጎረቤቴ ልጅ ታቢታ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ዓሣ እንድታጸዳ ከትምህርት አስወጥታት፣ ማታ ማታ ወደኔ ትመጣ ነበር። የሞርዌናን ነገር ስታነብልኝ ድምፅዋ ሲቆም ሰማሁ። ምነው አልኳት። ምንም አለች። በማግስቱ እናቷ ዘንድ ሄድኩ። ረጅም ክርክር ነበር፤ አሸነፍኩ። ሰኞ ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች፤ ማታም የራሷን ትምህርት እንድታጠና ነግሬያታለሁ። ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊ ብያታለሁ።

እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ደብዳቤዬ ቢዘገይብሽ ታመመ ብለሽ አትደንግጪ። ጸሐፊዬ ትምህርት ቤት ሄዳ ነው።

አጎትሽ ሆሴዕ ናንካሮ